እሁድ እሁድ የሚደውለው

ለምወድህ ለታናሽ ወንድሜ ለኤርምያስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ለአንተ ለራስህ ይድረስህ። ለሌላ ለማንም አይደለም፤ በልጅነቱ ከቁም ሳጥን ላይ ወድቆ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ለቀረበት፣ ሽሮ ሲቀርብለት ለሚያኮርፈው ለኤርምያስ ነው። እንደምን ከርመሃል ወንድሜ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ? እንቅልፍስ ትተኛለህ? ትበላለህ ወይስ ሚስትህ ናርዲ እንደ ሕፃን እየለመነችህ ነው? ከዚህ አገር ስምህን ጠርቶ ደህንነትህን የጠየቀህ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜ እንደሆነ ታውቃለህ? እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ ስድስት ወር አልፎታል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ውሸቱ በዝቶብኛል።

ምነው በስልክ አትነግሪኝም ትል ይሆናል። ስልኬ ከእናታችን ከእናናዬ እጅ አይወጣም፤ መልእክት በገባ ቁጥር ማነው፣ ምን አለ ትላለች። በስልክም ሞክሬህ ነበር እኮ። በኅዳር ከሥራ ቦታ ሆኜ ኮል አድርጌህ ገና "ኤርሚ" ብዬ ስጀምር፣ ቆይ እስኪ በኋላ ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ደብዳቤ እንደዚያ አይዘጋም። ይህን የምታደርስልህ እትዬ ወሰንየለሽ ማክሰኞ ከዚህ ትነሳለች፤ ደሴ እንደገባች መጀመሪያ አንተ ቤት ሂጂ ብያታለሁ። አንብበህ እስክትጨርስም ፊትህ ቆማ ትጠብቃለች። እሷን ደግሞ ታውቃታለህ፣ ሻይ አፍልተህ አታታልላትም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ታውቀዋለህ፤ ነገር ግን ተጽፎ አይተኸው አታውቅም። ታላቅ ወንድማችን አሥራት ባለፈው ሰኔ በድንገት ሲያርፍ፣ እናናዬ እዚህ ከልብ ኦፕሬሽን ከወጣች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነበር። ዶክተሩ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳትሰማ ብሎ አስጠነቀቀን። ስለዚህ መርዶው እስክታገግም ይቆይ ተባባልን። ይህ ያለ ነው፤ ስንቱ እናት መርዶዋ ቆይቶ ተነግሯታል። የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሼ ወርቁም ጥሩ ብለው ተስማምተው፣ ግን ልጄ ከሁለት ወር እንዳታሳልፉት ብለውኝ ነበር። ምናለ ያን ጊዜ በሰማኋቸው!

ከዚያ ያቺ እሁድ መጣች። እናናዬ አሥራትን ካላገናኛችሁኝ መድኃኒት አልውጥም ብላ አፏን ዘጋች። ምን ይዋጠኝ? በአሥራት ስልክ ደወልኩ፤ ሚስቱ ህብረት ታነሳና ተኝቷል ትላለች ብዬ ነው። ለካ ስልኩ አንተ እጅ ነበር፤ አንተ አነሳኸው። "እናናዬ" አልካት። እሷም "አሥራትዬ!" ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ድምፃችሁ እኮ ድሮም አንድ ነው፤ አባታችን ነፍሱን ይማረውና በር ላይ ሆኖ የትኛው ነህ ሳይል ገብቶ አያውቅም። አንተ አላረምካትም። እኔም ከጎኗ ቆሜ እየሰማሁ አላረምኳትም። መድኃኒቷን ዋጠች፣ ያን ቀን እኛም ምሳ በላን።

ከዚያ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የማይቀር ሆነ። የአሥራትን ሳል ጨመርክበት። "ንግሥቴ" ማለቱን፣ ሳይጨርሰው የሚተወውን ሳቁን ጨመርክበት። በቪዲዮ ልይህ ስትልህ ኔትወርኩ አይችልም አልካት። አንድ ሰሞን በራስህ ስምም ደውለህ ነበር፤ ምነው ድምፅህ አሥራትን አሥራትን ይላል ብትልህ ደንግጠህ ተውከው። ከዚያ በኋላ ኤርምያስ የሚባል ሰው ኢስትሙር ሰፈር ወዳለው ቤታችን ደውሎ አያውቅም። ሥራ በዝቶበት ነው እንላታለን። መጀመሪያ አኮረፈችህ፣ ረሳኝ እኮ ይሄ ልጅ እያለች።

አሁን ደግሞ የቃልኪዳንን ጉድ ስማ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ከአባቷ ከለማ እኩል ቆማለች፤ በአማርኛ ስታናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ትምህርት ቤት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የእንግሊዞች ልብ ወለድ እንዲያነቡ ተሰጣቸው። ጎቲክ የሚሉት ዓይነት ነው። ምንድን ነው እሱ ብዬ ብጠይቃት፣ አሮጌ ቤት ያለበት፣ የተቆለፈ ክፍል፣ ምስጢር የያዙ ሰዎች፣ አልሄድም ያለ ሙት ያለበት ታሪክ ነው አለችኝ። እኔ እንግዲህ ድስቴን እያማሰልኩ ነው የምሰማት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ረግረግ መሃል ባለ ትልቅ ቤት የምትኖር አንዲት የባላባት ዘር አሮጊት አለች። ልጇ የመርከብ አዛዥ ነበር፣ ባሕር በልቶታል። የቤቱ ኃላፊ የሆነች፣ ቁልፍ በወገቧ የታጠቀች ሴት ደግሞ አሮጊቷ እንዳትሰማ ብላ በሩን ሁሉ ትቆልፋለች፤ ጠያቂ አታስገባም። የሟቹ የአጎት ልጅ ታዲያ የመርከበኛውን ካፖርት ለብሶ በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከኩሬው ማዶ ይመላለሳል። አሮጊቷ በመስኮት ታየዋለች፤ ልጄ ደህና ነው ብላ ራቷን ትበላለች።

ቲቸሯ በዚህ ላይ ኤሴይ የሚሉትን ድርሰት ጻፉ አለቻቸው። ከባለታሪኮቹ ውስጥ ጎቲክ የሚያሰኘው የማን ጠባይ ነው? መንፈሱስ የትኛው ነው? ክፍሉ በሙሉ የሰመጠው መርከበኛ ነው ብሎ ጻፈ። የኔዋ ግን አይደለም አለች። የሰመጠውማ ስሙ በየገጹ ይጠራል፣ ወንበር ይቀመጥለታል፣ ይጸለይለታል፤ መንፈስ የሆነው ካፖርቱን የለበሰው ነው፤ ከስድስተኛው ምዕራፍ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ በስሙ የጠራው የለም ብላ ጻፈች። እዚያ ላይ ብትተወው ምን ነበረበት! ቀጥላ፣ ይህን የማውቀው አጎቴ እንደዚህ ስለሆነ ነው፣ ቁልፉን የታጠቀችው ደግሞ እናቴ ናት አለች።

እኔ ይህን የሰማሁት ወላጆች በሚጠሩበት ቀን ነው። የምንከባከባቸውን ሴትዮ አጥቤ፣ የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ ነው የሄድኩት። ቲቸሯ ወረቀቱን አውጥታ ልጅሽ ከክፍሉ አንደኛ ናት እያለች ታነብልኛለች። ቁልፍ ያዢዋ እኔ መሆኔ ሲገባኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። በትሕትና ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው ወይ አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ኧረ ልብ ወለድ ነው አልኳት።

መኪና ውስጥ እንደገባን ልጄ ላይ እሳት ሆንኩባት። ገበናችንን ለፈረንጅ ታወጪያለሽ? እኛ ለእናናዬ ስንል አንጀታችንን አስረን፣ ይህ ፍቅር እንጂ ምንድን ነው አልኳት። እሷ በእንግሊዝኛዋ ክሪፒ ነው አለች፤ የሚያስፈራም የሚያስጠላም ነው ማለቷ ነው። ቤት ልንደርስ ስንል፣ ያቺ አማርኛ የማይወጣት ልጅ በአማርኛ፣ ጋሼ ኤርሚስ የት ሄደ? አለችኝ። መኪናውን አቁሜ ውረጂ አልኳት።

ይህ በኅዳር ነበር። አሁን ልቤን ያደረቀው ግን የጥምቀት ማግስት የሆነው ነው። ጋሼ ወርቁ ደወሉልኝ። በአዘቦት ቀን እናናዬን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሱልን እሳቸው ናቸው። ሰርኪ ልጄ፣ ምነው እንደ ባዳ ደበቃችሁን? ኤርምያስ መቼ አረፈ? አሉኝ። ኧረ ደህና ነው፣ ማን አለዎት ብላቸው ነገሩ ወጣ። እናናዬ የክርስትና ስምህን፣ ወልደ ሥላሴን፣ በወረቀት አስጽፋ ለቄሱ ሰጥታለች፤ ከሙታን ጋር እንዲነሳ። የአሥራት ስም ደግሞ ጤናና ዕድሜ ስጠው እየተባለ ከሕያዋን ጋር ይጠራል። ወንድሜ፣ ይህን ሥራ የሠራነው አንተና እኔ ነን።

ቃልኪዳንን ይዤ ብጠይቃት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለካ ከገና ጀምሮ ታውቃለች። እናናዬ ለብቻዋ ጠርታ እንዲህ ብላ ነግራታለች፦ በገና ቀን የማይደውልልኝ ልጅ አልወለድኩም። አሥራትን ወንድምህስ ብዬ ብጠይቀው ድምፁ ተሰበረ፣ መናገር አቃተው። ኤርምያሴ ሞቷል። የደበቁኝ ለልቤ ብለው ነው። ማወቄን ካወቁ ይጨነቃሉና እንዳትነግሪያቸው ብላ አስምላታለች። እኛ ከእሷ ስንደብቅ እሷ ከእኛ ስትደብቅ፣ መሃል ላይ ያቺ ልጅ የሁለታችንንም ምስጢር ተሸክማ ፈተና ስትፈተን ከረመች።

ዓይኔ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው። እናናዬ ከገና ወዲህ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የምትለብሰው፤ ብርድ ነው ስትለኝ አምኛት ነበር። ለማ ግሮቭፖርት ካለው ሥራው አዳር ሺፍቱን ጨርሶ ጠዋት ሲገባ፣ በረዶውን እያየች በመስኮቱ አጠገብ ቆማ ደረቷን በእጇ ቀስ እያደረገች ስትመታ ያገኛታል። ድምፅ አታወጣም፣ እኛ እንዳንሰማ። ምግብ ዘግቷታል፤ ስድስት ኪሎ ቀንሳለች። ባለፈው ሳምንት ዶክተሩ ልቧ ደህና ነው፣ ሰውነቷ ግን እያለቀ ነው፣ በዚሁ ከቀጠለች አትቆይም አለኝ። ሰው ሞቶባታል ወይ? ጠይቂያት አለኝ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ጥያቄውን አልተረጎምኩላትም።

ለምን አልነገርሻትም እንዳትለኝ። ነግሬያታለሁ። እጇን ይዤ፣ እናናዬ፣ ኤርምያስ እኮ ደህና ነው፣ በሕይወት አለ አልኳት። ፀጉሬን ዳበስ ዳበስ አድርጋ፣ አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ አለችኝ፤ የምታጽናናኝ እሷ ሆነች። ፎቶህን አሳየኋት፤ የድሮ ነው አለች። ስንት ጊዜ የዋሸ አፍ አንድ ቀን እውነት ቢናገር ማን ያምነዋል? የሚያሳምናት ያንተ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለአሥራት ሰጥተነዋል።

ባለፈው እሁድ ስትደውል ያለችህን አስታውስ። አሥራትዬ፣ ዳዊን አደራ፣ አባት ሁነው፣ ናርዲንም ሆድ እንዳይብሳት አለችህ። አንተም በአሥራት ድምፅ፣ እሺ ንግሥቴ፣ እንደ ልጄ ነው የማየው አልካት። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶህ ነበር? የሙት ልጅ አደራ ነው እኮ የሰጠችህ! የገዛ ልጅህን አደራ ተቀብለህ ስልኩን ዘጋህ። እኔ ኪችን ውስጥ ፎጣ አፌ ውስጥ ከትቼ ነው ያን ቀን የዋልኩት።

አንተን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስልህ። የራሴንም ልናዘዝልህ። በጥቅምት ለማ መኪና ገጭቶት ሆስፒታል የገባ ጊዜ፣ እናናዬ ከአንተ ጋር ጨርሳ ስልኩን ስትሰጠኝ፣ ይዤው ኪችን ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ማንም አይሰማንም ነበር። ኤርሚ ልልህ እችል ነበር። አላልኩህም። "አሥራትዬ፣ ምን ይሻለኛል?" ብዬ አለቀስኩልህ። አንተም፣ አንቺ ጉደኛ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ውኃ ጠጪ አልከኝ፤ ልክ እሱ እንደሚለው። ተቀመጥኩ። ውኃ ጠጣሁ። ሆዴ ረጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሁድን የምጠብቀው ለእናናዬ ብዬ ብቻ አይደለም። ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ ያን ካፖርት እኔም ጎትቼ አልብሼሃለሁ።

አንዴ በስልክ፣ እኔ ዝም ካልኩ አሥራት ሁለተኛ ይሞታል ብለህ ጽፈህልኝ፣ እናናዬ እንዳታየው ወዲያው አጠፋሁት። ልጽፍልህ ሳልችል የቀረሁትን መልስ እነሆ። ይሙት ኤርምዬ! ወንድማችን ነው፤ ሞቶ ይለቀስለት። አንተ ለእሱ አልቅሰህለታል? መቼ? የሳቁን ልክ ስታጠና እንባህን የት አደረስከው? ህብረትስ ጥቁር ለብሳ ስንደውልላት እንደ ባለትዳር ደህና ነን እያለች የምታወራን እስከ መቼ ነው?

እንግዲህ የቆረጥነውን ስማ። ቅዳሜ የካቲት ሰባት ቀን፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ጋሼ ወርቁ ከቄሱና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ማልደው ይመጣሉ። እዚህ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ እናንተ ጋ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ለማ ከሥራ ኦፍ ወስዷል። ነርስ የሆነችው ጎረቤታችን ቢታንያ መድኃኒቱን ይዛ እኛ ጋ ታድራለች። ግን አንድ ነገር ያስፈራኛል። ሽማግሌ በንጋት በር ላይ ቆሞ ያየች እናት ማን ሞተ ብላ አትጠይቅም፤ እናናዬ ያንተን ስም ጠርታ ነው የምትወድቀው። ከዚያ በኋላ ማን እንደሞተ ብንነግራት የምትሰማበት ልብ ይኖራታል?

ስለዚህ እነሱ ደጅ ሳሉ አንተ ደውል። በአሥራት ስልክ ሳይሆን በራስህ። እናናዬ፣ ኤርምያስ ነኝ፣ አለሁ በላት። እኔም ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋለሁ። ወዲያው አሥራትስ ትልሃለች። ያን ጊዜ እንዳትዘጋ፣ በሞቴ እንዳትዘጋ! ሽማግሌዎቹ ገብተው እስኪነግሯት ቆያት፤ ከዚያ አብራችሁ አልቅሱ። ሰባት ወር ሙሉ ያናገረችው ማን እንደነበረ ያን ቀን ይገባታል። ልትረግመን ትችላለች፤ እኔን ከአንተ አስቀድማ። ትርገመን። ቢያንስ አንተን ስትረግም በሕይወት እንዳለህ አውቃ ነው የምትረግምህ።

ነገ እሁድ ነው። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ አንድ ጊዜ ትደውላለህ፤ እኔም እንደ ወትሮው አጠገቧ ቆሜ ዝም እላለሁ። የሚቀጥለው እሁድ፣ የካቲት አንድ ቀን፣ ግን እንዳትደውል። ምክንያቱን እኔ ፈጥሬ እነግራታለሁ፤ የመጨረሻ ውሸቴ እሱ ይሁን። ቅዳሜውን ብትፈራና ብትቀርብኝስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የኔ ጌታ፣ እለምንሃለሁ፣ አትቅርብኝ። እግርህ ላይ እንደወደቅሁ ቁጠረው።

ለናርዲ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ባሏ በሌላ ስም ሲጠራ እየሰማች ስለቻለችው እግዚአብሔር ይክፈላት። ዳዊን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፤ አባቱ አንተ መሆንህን ደግመህ ንገረው። ለህብረት ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ እንደምጠይቃት ንገራት፤ ከቅዳሜ በኋላ በግልጽ አብረን እናለቅሳለን። ለማ በጣም ናፍቆሃል፤ እግሩ ድኖለታል። ቃልኪዳን እዚህ ጠርዝ ላይ በእጇ የጻፈችው ይታይሃል፤ ፊደሉ ቢንጋደድም ስምህ ነው።

የእናናዬን ሰላምታ ግን አልላክሁልህም። ስምህ በተነሳ ቁጥር ከመቀመጫዋ ትነሳና ነፍሱን ይማረው ትላለች።

እህትህ ሰርካዲስ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.